ጸሐፊው ሰዎቹን የት አገኛቸው?
የአንድ መደርደሪያ ታሪክ

በ1949 መጸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባርባራ ጊቲንግስ የምትባል የ17 ዓመት ወጣት በቺካጎ አጠገብ ባለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጀመረች። ትያትር ልትማር ነበር የሄደችው። ልቧ ወደ ሴቶች እንደሚያዘነብል እየገባት ሲመጣ ግን የምታማክረው ሰው አጣች፤ ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ቀን ከሌት ካታሎግ ስታገላብጥና መደርደሪያ ስትበረብር ከረመች። ያገኘቻቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ሐኪሞች ለሐኪሞች የጻፏቸው ነበሩ። እንደ እርሷ ያለው ሰው በእነዚህ ገጾች ላይ የሚገኘው «ጠማማነት» እና «መዛባት» በሚሉ ርዕሶች ሥር ነው፤ በሽተኛ ሆኖ ይመረመራል፣ ይገመታል፣ ይታከማል። ምን እንደሚያስደስተው፣ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ እንዴት እንደሚኖር የሚናገር አንድም መስመር አልነበረም። ጊቲንግስ ክፍል መግባት ትታ ስታነብ ስለከረመች በዓመቱ መጨረሻ ከትምህርቷ ወደቀች። ፍለጋውን ግን አልተወችም። ከሃያ ዓመት በኋላ የአሜሪካን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ከለወጡት ሰዎች አንዷ እርሷ ሆነች።

እኔ በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሉ መጻሕፍት እመርጣለሁ። አሳታሚዎች በየወቅቱ ካታሎግ ይልካሉ፣ መምህራን ይጠይቃሉ፣ ተማሪዎች ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች ማኅበራዊ ኑሮ የሚጻፈው የጥናት መጽሐፍ ዛሬ ብዙ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ለይቶ መግዛት የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ የአቋም ጉዳይ ያደርገዋል፤ ደጋፊ መጽሐፍ ወይስ ተቃዋሚ መጽሐፍ ብሎ ይጠይቃል። የዚህን መደርደሪያ ታሪክ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል። ጸሐፊው የሚያጠናቸውን ሰዎች የት አገኛቸው? በሆስፒታል አልጋ ላይ? በእስር ቤት? በፖሊስ መዝገብ? ወይስ በቤታቸው፣ በሥራ ቦታቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው? የመቶ ዓመቱ ታሪክ በሙሉ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ጥያቄውን ቀድሞ የመለሰ አንድ ቦታ በበርሊን ነበር። ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፌልድ በ1919 የጾታ ሳይንስ ተቋሙን ሲከፍት፣ ሰዎቹ በፖሊስ ተጎትተው ሳይሆን በገዛ እግራቸው መጡ። ሊታከም የመጣ ነበረ፣ ሊመከር የመጣ ነበረ፣ ስለ ራሱ ሊናገር ብቻ የመጣም ነበረ። ሂርሽፌልድ ለረጅም ዘመን ባዘጋጀው መጠይቅ የሕይወት ታሪካቸውን ሰበሰበ። በተቋሙ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት፣ የፎቶግራፍ ስብስብና የምርመራ ክፍሎች ነበሩ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ግንቦት 6 ቀን 1933፣ ተማሪዎች ተቋሙን ወረሩት። ከአራት ቀን በኋላ ከ10 ሺህ በላይ ከሚገመተው ስብስብ አብዛኛው በበርሊን የኦፔራ አደባባይ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር ተቃጠለ። ሂርሽፌልድ ያን ጊዜ ውጭ ሀገር ስለነበር ተረፈ፤ በ1935 በስደት ላይ ሳለ በፈረንሳይ አረፈ። ሰዎች በፈቃዳቸው የሰጡት ቃል ሲጠፋ፣ በሰፊው የቀረው በሕክምናና በወንጀል መዝገብ የሰፈረው ነበር። ጊቲንግስ በ1949 ያገኘችው ይህን ቅሪት ነው።

ያን ጊዜ ግን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የሥነ ሕይወት ሊቁ አልፍሬድ ኪንሲ በ1948 ስለ ወንዶች፣ በ1953 ስለ ሴቶች ጾታዊ ባሕርይ ሁለት ታላላቅ ጥራዞች አሳተመ። ለመጀመሪያው ጥራዝ ወደ 5,300 የሚጠጉ ነጭ ወንዶችን ከባልደረቦቹ ጋር ፊት ለፊት ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ 37 በመቶው በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር ተራክቦ እስከ እርካታ ደርሶ ያውቃል ሲል ጻፈ። አሜሪካ ተናወጠች። የኪንሲ ተቋም ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያዋ ባለሙያ ጃኔት ሃዋርድ ፎስተር ነበረች፤ ከ1948 እስከ 1952 በዚያ ሠርታለች። ፎስተር በቤተ መጻሕፍት ሙያ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1935 ዶክትሬት ያገኘች ምሁር ናት። ከወጣትነቷ ጀምሮ ሴትን ስላፈቀሩ ሴቶች በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ትሰበስብ ነበር። ከጥንታዊቷ ግሪክ ገጣሚ ከሳፎ ተነሥታ እስከ ራሷ ዘመን ድረስ ዘለቀች። ሥራዋን የሚያሳትምላት አጥታ በ1956 በራሷ ገንዘብ አሳተመችው። መጽሐፉን ሳስብ የምደነቀው በትዕግሥቷ ነው። የዶክትሬት ዲግሪ ያላት፣ የሙያዋ ሊቅ የሆነች ሴት፣ የዕድሜ ልክ ምርምሯን ለማሳተም ከኪሷ መክፈል ነበረባት። ገበያውም ዩኒቨርሲቲውም ያን መጽሐፍ አልጠየቁም ነበርና።

አሁን ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ፤ መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ከእነዚህ በላይ የሚያስረዳልኝ የለም።

ኤቭሊን ሁከር በሎስ አንጀለስ የምታስተምር የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። አንድ የቀድሞ ተማሪዋ ስለ እርሱና ስለ ጓደኞቹ እንድታጠና ወተወታት፤ ሳይንስ እነርሱን የሚያውቃቸው ሲታመሙ ብቻ ነውና። በ1953 ከመንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም የምርምር ገንዘብ አገኘች። ለሕክምናም ለእስርም ያልደረሱ 30 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ፈለገች፤ ያገኘቻቸውም በአብዛኛው ማታቺን በሚባለው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር በኩል ነው። ከእነርሱ ጋር በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት የሚመጣጠኑ 30 ሌሎች ወንዶችን አዘጋጀች። በዚያ ዘመን መታወቅ ሥራን ብቻ ሳይሆን ነጻነትንም ያሳጣ ነበር፤ ስለዚህ ሁከር ሰዎቹን በመኖሪያ ቤቷ ግቢ ባለችው የጥናት ክፍሏ ነበር የምታነጋግራቸው። ሦስት የሥነ ልቦና ፈተና ሰጠቻቸው፤ ውጤቱንም ስም አጥፍታ ለታወቁ ሦስት ባለሙያዎች አቀረበች። የትኛው የየትኛው ወገን እንደሆነ እንዲለዩ ስትጠይቃቸው ከግምት የተሻለ ማድረግ አልቻሉም። ጥናቱ በ1957 ታተመ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ የሥነ ልቦና ሐኪሙ ኢርቪንግ ቢበርና ባልደረቦቹ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አወጡ። 106 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችን ከ100 ሌሎች ጋር አነጻጸሩ። ቁጥሩ ከሁከር ይበልጣል፣ ሠንጠረዡ ብዙ ነው፣ የጸሐፊዎቹ ማዕረግ ከፍ ያለ ነው። ድምዳሜው፣ ነገሩ ከእናትና ከአባት ጋር ባለ የተበላሸ ግንኙነት የሚመጣ ሕመም ነው የሚል ነበር። ነገር ግን 106ቱም ሰዎች በሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ በሕክምና ላይ የነበሩ ናቸው፤ መጠይቁን የሞሉትም ራሳቸው ሳይሆኑ ሐኪሞቻቸው ናቸው። ሕመምተኛን ብቻ መርምሮ ሁሉም ታማሚ ነው ማለት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ በከተማው ጥርሱ የማያመው ሰው የለም እንደማለት ነው።

አንዲት የሐበሻ ልጅ፣ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ፣ ለጥናቷ ሁለት መጽሐፍ ይዛ ቢሮዬ መጥታ «ጋሼ፣ የትኛውን ልጥቀስ?» ስትለኝ፣ ድምዳሜውን ትታ መጀመሪያ መግቢያውን፣ ቀጥሎ ስለ አጠናን ዘዴው የሚናገረውን ምዕራፍ እንድታነብ ነገርኳት። «ሰዎቹን የት እንዳገኛቸው ካልነገረሽ፣ ስለ እነርሱ የሚነግርሽን ለማመን አትቸኩዪ» አልኳት። የሁከርና የቢበርን ታሪክም አጫወትኳት። እርሷ የነገ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ናት፤ ቤተሰብ ያባረረው ልጅ ወደ እርሷ ቢሮ ይመጣል። የሚጠብቀው እርዳታ በተማሪነቷ ካነበበችው መጽሐፍ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ሥራ ቀላል አድርጌ ማየት የማልችለው ለዚህ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በታኅሣሥ 1973 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ከሕመሞች ዝርዝር አወጣ። ለዚያ ውሳኔ የሁከር ጥናት አንዱ መሠረት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ፣ በዳላስ፣ ጆን ፍራየር የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ፊቱን ጭምብል ሸፍኖ፣ ድምፁንም ለውጦ፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ ብሎ ተናገረ። መድረኩን ካዘጋጁት አንዷ ያቺው ባርባራ ጊቲንግስ ናት። ሐኪሞቹ በክሊኒክ ብቻ ሲያገኙት የነበረ ሰው፣ በዚያ ቀን በራሳቸው ጉባኤ መካከል ተቀምጦ አገኙት።

መጽሐፍ ተጻፈ ማለት ግን ለአንባቢ ደረሰ ማለት አይደለም። በመካከሉ ካታሎግ አለ። የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ለብዙ ሰው አሰልቺ የቁጥር ጨዋታ ይመስላል፤ እውነቱ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ፍርድ ነው። አንድን መጽሐፍ የት እንደምታስቀምጠው፣ ከማን ጋር እንደምታጎራብተው፣ ስለ ይዘቱ አስቀድሞ ይመሰክራል። ዴዊ በሚባለው አመዳደብ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት በ1932 እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ሲሰጠው የተቀመጠው በአእምሮ መታወክ ሥር ነበር። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ደግሞ ኤችኪው 71 የሚባለው መደብ «ያልተለመደ ጾታዊ ግንኙነት» የሚል ስም ነበረው፤ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት የነበረው በዚያ ጥላ ሥር ነው። ርዕሱን በካታሎግ የሚፈልግ ሰው «ጾታዊ ጠማማነትን ደግሞ ተመልከት» የሚል መጠቆሚያ ይገጥመው ነበር። ፈላጊው ገና መጽሐፉን ሳይከፍት ተፈርዶበታል።

ይህን ለመለወጥ ከተነሡት አንዱ ሐሳቡን ያገኘው በአፍሪካ ነው። ሳንፎርድ በርማን የተባለ አሜሪካዊ የካታሎግ ባለሙያ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሉሳካ፣ በዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መለያ ርዕሶች ውስጥ ለደቡባዊ አፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የተሰጠው መጠሪያ በዚያ አካባቢ የለየለት ስድብ እንደሆነ አፍሪካውያን ባልደረቦቹ አስረዱት። በርማን ከዚያ ተነሥቶ ዝርዝሩን ሙሉውን መረመረ። ስለ ጥቁሮች፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ አይሁድ፣ ስለ ድሆች የተሰጡትን መለያዎች አንድ በአንድ እያነሣ በ1971 መጽሐፍ አሳተመ። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ከጠማማነት ጋር ያገናኘውን መጠቆሚያም ከሚሰረዙት መካከል አስገባው። ይህን ታሪክ ደጋግሜ አወራዋለሁ፤ የዛምቢያ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በራሳቸው ስም ላይ ያነሡት ቅሬታ፣ በአሜሪካ የሌሎችን ስም ለማቅናት መንገድ ጠርጓልና። ክብር ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው መዳረሻ ይሆናል።

በአሜሪካ ውስጥ ሥራውን የያዘው በ1970 በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር የተቋቋመው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ግብረ ኃይል ነው። መሥራቹ ኢዝራኤል ፊሽማን ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ጊቲንግስ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል መራችው። እርሷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አልነበረችም፤ አንባቢ ነበረች፤ ያም ይበልጥ አስተዋይ አደረጋት። ግብረ ኃይሉ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1972 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ከጾታዊ መዛባት ሥር አውጥቶ ኤችኪው 76.5 ላይ ራሱን አስቻለው። በዴዊም ዛሬ ዋናው ቦታው በማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ 306.76 ነው፤ ቤተሰብንና ባህልን ከሚያጠኑ መጻሕፍት ጋር ተጎራብቷል።

ከካታሎጉ ጎን የመምረጡ ሥራ ነበር። ግብረ ኃይሉ በ1971 ያወጣው የመጀመሪያ የንባብ ዝርዝር 37 ጽሑፎችን ብቻ የያዘ ነበር፤ መጽሐፍ፣ የመጽሔት መጣጥፍ፣ በራሪ ጽሑፍ ተደምሮ። ጊቲንግስና ጓደኞቿ ሆን ብለው የሐኪም ቤቶቹን መጻሕፍት ተዉ። እነዚያ በየመደርደሪያው ሞልተው ነበርና የአዲስ ዝርዝር ድጋፍ አያስፈልጋቸውም ነበር። በዚያው ዓመት የመጽሐፍ ሽልማት ጀመሩ፤ የ1974ቱን ለዚያች በራሷ ገንዘብ ላሳተመችው ለጃኔት ፎስተር ሰጡ። ፎስተር ያን ጊዜ ሰባ ስምንት ዓመት ገደማ ነበረች። ዝርዝሩ በ1980 ስድስተኛ እትሙ ላይ ሲደርስ 563 ጽሑፎች ነበሩት። ከ37 ወደ 563 የተጓዘው ዘጠኝ ዓመት ለእኔ የሙያዬ ታላቅ ዘመን ነው።

ቤተ መጻሕፍት ያልደረሱበትን ደግሞ መጽሐፍ ሻጮች ደረሱበት። ክሬግ ሮድዌል በኅዳር 1967 በኒውዮርክ መርሰር ጎዳና በደራሲው በኦስካር ዋይልድ ስም የሰየማትን ትንሽ መደብር ሲከፍት፣ የወሲብ መጽሔት አልሸጥም ብሎ ከመጀመሪያው ወሰነ። ገንዘብ የሚያመጣው ግን ያ መጽሔት ነበር። ሮድዌል የፈለገው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ገብቶ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የሚወጣበት ቤት ነው። በ1973 በፊላደልፊያ ጆቫኒስ ሩም፣ በ1979 በለንደን ጌይስ ዘ ወርድ ተከፈቱ። የለንደኑን በ1984 የጉምሩክ መኮንኖች ወርረው በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ወሰዱበት፤ ሥራ አስኪያጆቹንም ከሰሱ። ክሱ በኋላ ተነሣ። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ የሮድዌል መደብር በ2009 ተዘግታለች። ለዩኒቨርሲቲ አሳታሚዎች ግን ለዚህ ጥናት አንባቢ እንዳለ ያሳዩአቸው እነርሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ሰዎቹን በሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ። ጆናታን ኔድ ካትዝ በ1976 የአሜሪካን ታሪክ ሰነዶች ሰብስቦ አሳተመ። የየል ዩኒቨርሲቲው ጆን ቦስዌል በ1980 በጥንታዊና በመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሰነዶች ውስጥ ፈለጋቸው፤ ብዙ የታሪክ ሊቃውንት በትርጓሜው አልተስማሙም፣ ሰነዶቹን ግን ችላ ማለት አልቻሉም። ጆርጅ ቾንሲ በ1994 ከ1890 እስከ 1940 የነበረውን የኒውዮርክ ኑሮ ሲጽፍ የፖሊስንና የሥነ ምግባር ጠባቂ ማኅበራትን ዘገባ ተጠቀመ፤ ነገር ግን ከሳሹ የጻፈውን ከደብዳቤ፣ ከማስታወሻ ደብተርና ከአዛውንቶች ቃል ጋር አፋጠጠው። ኤሊዛቤት ኬኔዲና ማድሊን ዴቪስ በ1993 በቡፋሎ የሠራተኛ ሴቶችን ታሪክ ከአፋቸው ቀድተው አወጡ። ሱዛን ስትራይከር በ2008 የትራንስጀንደር ሰዎችን ታሪክ በአንድ ቀጭን ጥራዝ ስታቀርብ፣ ጸሐፊዋ ራሷ የታሪኩ ባለቤት ነበረች። ከእነዚህ ማናቸውም ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ለሚጠይቅ ተማሪ ከአሥር የክሊኒክ መጽሐፍ የበለጠ ይመልሳሉ።

ሰዎቹን ማግኘት ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንዴት ተገኙ የሚለውም ይመዘናል። ሎድ ሃምፍሪስ በ1970 ባሳተመው ጥናት በሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሚገናኙ ወንዶችን ሳያውቁት ተከታተለ፤ የመኪናቸውን ሰሌዳ መዝግቦ አድራሻቸውን አገኘ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ መልኩን ለውጦ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚጠይቅ መስሎ ጠየቃቸው። መጽሐፉ ትልቅ ሽልማት አገኘ። ብዙዎቹ ባለትዳርና በጎረቤታቸው የተከበሩ መሆናቸውን ማሳየቱ የፖሊስን ግምት አፍርሷል። ሰዎቹ ግን እሺ አላሉም ነበር፤ ስማቸው ቢወጣ ትዳራቸውም ሥራቸውም ይጠፋ ነበር። መጽሐፉ ዛሬ በምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት እንዲህ አይደረግም ተብሎ ይነበባል። እኔም የማቆየው ለዚያ ነው።

ቁጥርም የዚሁ ጥያቄ ልጅ ነው። ኪንሲ ሰዎቹን የሰበሰበው ፈቃደኛ ከተገኘበት ሁሉ፣ ከእስር ቤትም ጭምር ነበር፤ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በ1954 ናሙናው አሜሪካን ሁሉ እንደማይወክል ተችተውታል። በ1994 ኤድዋርድ ላውማንና ባልደረቦቹ በዕጣ የተመረጡ 3,432 ሰዎችን ጠይቀው ሲያሳትሙ፣ ራሱን ተመሳሳይ ጾታ ወይም ሁለቱንም ጾታ አፍቃሪ ብሎ የሚጠራው ከወንዶች 2.8፣ ከሴቶች 1.4 በመቶ ሆነ። ክርክር ላይ ያለ ሰው ከኪንሲና ከላውማን የሚመቸውን ቁጥር ይመዝዛል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን ከአንድ ዓይነት ጥያቄ የመጡ አይደሉም፤ አንዱ በሕይወትህ ምን አድርገሃል ሲል፣ ሌላው ራስህን ማን ትላለህ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን የማያስቀምጥ ቤተ መጻሕፍት አንባቢውን ግማሽ እውነት ያስይዘዋል።

ወደ እኛ አህጉር ስንመጣ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ታዋቂው የሥነ ሰብዕ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1920ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ሱዳን በአዛንዴ ሕዝብ መካከል ኖሯል። የአዛንዴ ተዋጊዎች ወጣት ወንዶችን በጥሎሽ ያገቡ እንደነበር መረጃ ሰብስቦ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው ጽሑፍ ያሳተመው ግን በ1970 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ የጻፈ ሁሉ፣ የአዛንዴ መረጃ በደብተር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው የጻፈው። ማርክ ኤፕሬክት በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዝምታ ራሱን አጠና። አፍሪካ ይህን ፈጽሞ አታውቅም የሚለው ሐሳብ እንዴት በተጓዦች፣ በሚሲዮናውያን፣ በቅኝ ገዢ ሹማምንትና በኋላም በኤድስ ባለሙያዎች እጅ እየዳበረ እንደመጣ አሳየ።

በሌላው በኩል ካለው ስሕተት ደግሞ ናይጄሪያዊቷ ጸሐፊ ኢፊ አማዲዩሜ ታስጠነቅቃለች። በ1987 ስለ ኖቢ ከተማ በጻፈችው መጽሐፍ፣ በኢግቦ ዘንድ አንዲት ባለጠጋ ሴት ሌላ ሴት የምታገባበት ሥርዓት እንደነበረ ገልጻለች። ጋብቻው ስለ ሀብት፣ ስለ ልጅና ስለ ሥልጣን እንጂ ስለ ፍቅር አይደለም፤ የምዕራብ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ኑሮ አያንብቡበት አለች። ስቲቨን መሪና ዊል ሮስኮ በ1998 ከአህጉሩ ልዩ ልዩ ክፍሎች መረጃ የሰበሰቡበት ጥራዝ ሰፊና ጠቃሚ ነው፤ አብዛኛው ግን ከአሮጌ የተጓዥና የሥነ ሰብዕ ጽሑፍ የተለቀመ ነው። ስለዚህ ስለ አፍሪካ አንድ ብቻ ግዛ ብባል፣ በኡጋንዳ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት ሲልቪያ ታማሌ በ2011 ያዘጋጀችውን ጥራዝ እገዛለሁ። ስለ ራሳቸው ማኅበረሰብ የሚጽፉ አፍሪካውያን በብዛት የተሰበሰቡበት ነው፤ ጥናትና የሕይወት ታሪክ ጎን ለጎን አሉበት። ሁለት ግዛ ብባል ኤፕሬክትን እጨምራለሁ፤ ሦስተኛው የአማዲዩሜ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከአቋም የመጣ አይደለም፤ ሰዎቹን ከቅርብ ያገኘውን በማስቀደም የመጣ ነው።

ስለ ኢትዮጵያም በዚሁ ሚዛን እናገራለሁ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግን ተራክቦ በእስራት ይቀጣል። እንዲህ ባለበት ሀገር ተመራማሪ ሰዎችን በአደባባይ ቆጥሮ ሊጠይቅ አይችልም፤ የሚናገረውም ሰው የሚናገረው ነጻነቱን አስይዞ ነው። ስለዚህ በሀገራችን የሉም የሚል መጽሐፍም፣ ይህን ያህል ናቸው የሚል መጽሐፍም ሲመጣ ያን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ባለው ማኅበረሰባችን ደግሞ ልጆች ለወላጆቻቸው ይህን ጉዳይ የሚናገሩበት ቤት ዛሬ አለ። ወላጅም፣ ካህንም፣ ፓስተርም፣ ኢማምም የሚያነበው ነገር ይፈልጋል። በአማርኛ የሚያገኙት በአብዛኛው ቁጣ ወይም መፈክር ነው። ቀስ ብሎ ሰዎችን ያነጋገረ፣ ዘዴውን የገለጸ፣ ስማቸውን የጠበቀ ጥናት በቋንቋችን እንዲጻፍ ከልቤ እመኛለሁ፤ የሚጽፈው ሲገኝም መጀመሪያ የምገዛው እኔ ነኝ።

የቢበርን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አላወጣሁትም፣ አላወጣውምም። ቤተ መጻሕፍት የተሳሳተውን እየጣለ ከሄደ ሰው እንዴት እንደተሳሳተ የሚማርበት ቦታ አይኖርም፤ ናዚዎች ያደረጉትን ለመቃወምም አፍ አይኖረንም። ነገር ግን ለብቻው አላስቀምጠውም። ሁከርን የማያውቅ ተማሪ ቢበርን ሲጠይቀኝ ሁለቱንም እሰጠዋለሁ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት የሚችል ሰው ሲያማክረኝ ግን ምክሬ አጭር ነው። የሽፋኑን ማዕረግ አትመልከት፤ መግቢያውን ግለጥ፤ ጸሐፊው ማንን፣ የት፣ በማን ፈቃድ እንዳነጋገረ ፈልግ። ከታማሚዎች ጋር ብቻ ያወራውን መጽሐፍ ስለ ሕመም ሊያስረዳህ ይችላልና ለዚያ ተጠቀምበት፤ ስለ ሰው ኑሮ ማወቅ ስትፈልግ ግን ኑሮውን ሊጠይቅ የሄደውን ግዛ።